ፎቶግራፍ የሚያልቀው መቼ ነው?

ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ወጣት በዛሬው ጊዜ በየስፍራው ሞልቷል። በመሰላ ገበያ ቢወጡ፣ በጭሮ (በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ) መንገድ ቢያልፉ፣ በሂርና ወይም በገለምሶ ሠርግ ቢጠሩ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ «እስቲ ወዲህ ተመልከቱ!» የሚል ልጅ አይታጣም። እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝ። ሥራው ዓይንን ይከፍታል፤ ሰውን ከሰው ያቀራርባል፤ ከመጥፎ ውሎም ያድናል። ስለዚህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን አንድ ነገር ሳስብ ቈይቻለሁ። በዚህ ሥራ ከእኛ የቀደሙትን ታላላቆቻችንን «አስቀድሜ ባወቅሁት ኖሮ የምትሉት ነገር ምንድር ነው?» ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ካሜራ ዋጋ ወይም ስለ ስልክ ዓይነት የመለሰልኝ ሰው የለም። የሚቈጩት ሳይታጠብ ስለ ጠፋ ፎቶግራፍ፣ ስሙ ስላልተጻፈ ሰው፣ «አመጣልዎታለሁ» ተብሎ ሳይሰጥ ስለ ቀረ ምስል ነው። ከዚህም የተነሣ እኔ የደረስሁበት አሳብ የሚከተለው ነው፦ የፎቶግራፍ ሥራ ቍልፉ በተጫነ ጊዜ አያልቅም። የሚያልቀው ታጥቦ፣ ስምና ዘመን ተጽፎበት፣ ለባለቤቱ ሲደርስ ነው። እኛ ግን አብዛኞቻችን መጀመሪያውን መጨረሻ አድርገነዋል። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ምክንያቴን ከሰማችሁ በኋላ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ምስክሩን ሩቅ ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም፤ በራሳችን በሐረርጌ አለ። ሐረር ከተማን ቀድመው ፎቶግራፍ ካነሡት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ገጣሚ ነበር፤ በኋላ ግን ግጥሙን ትቶ በሐረር ቡናና ቆዳ በሚነግድ ድርጅት ተቀጠረ። ካሜራውን ከፈረንሳይ አገር አስመጥቶ በ1875 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1883) ሥራውን ጀመረ። ያን ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። ስለ ሐረርና በዙሪያዋ ስላለው አገር ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ ለማሳተምም አስቦ ነበር። በዚያው ዓመት ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የራሱን ፎቶግራፎች ላከ፤ በአንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፣ በሁለተኛው በቡና አትክልት ውስጥ፣ በሦስተኛው በሙዝ አትክልት ውስጥ ነው። ነገር ግን ምስሎቹ ሁሉ እየነጡ መሄዳቸውን፣ ምክንያቱም ያጠበበት ውሃ መጥፎ መሆኑን በዚያው ደብዳቤ ገለጸ። ሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ካሜራውን ሸጠው፤ መሸጡም እንዳሳዘነው ጽፏል። ያሰበው መጽሐፍ ሳይወጣ ቀረ።

የራምቦ ፊት ዛሬ በነዚያ ፎቶግራፎች ላይ በግድ የሚታይ ሆኗል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ፎቶግራፉ ነው። ይኸውም «ዳቡላ» ብሎ የጠራውን የቆዳ ከረጢት የሚሠራ አንድ የሐረር ባለ እጅ ያሳያል። ምስሉ እስከ ዛሬ አለ፤ የሥራው ስምም ተጽፎለታል። የሰውየው ስም ግን አልተጻፈም። ካሜራውን የያዘው ሰው ስሙ በዓለም ሲጠራ፣ በካሜራው ፊት የቆመው የአገራችን ሰው ከ140 ዓመት በኋላ ስም የለሽ ሆኖ ቀርቷል። አንዲት መስመር ጽሑፍ ብትጨመር ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጆቹ «ይህ የእኛ አያት ነው» ባሉ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ሰው ሥራ ሁለት ትምህርት እናገኛለን፤ አንደኛው ስለ ማጠብ፣ ሁለተኛው ስለ ስም ነው። ወደ ሁለቱም እመለሳለሁ። አስቀድሞ ግን ፎቶግራፉ ራሱ የሰውየውን መልክ መያዝ ስላለበት ስለ ብርሃን ጥቂት ልናገር።

ፎቶ አንሺ ከሁሉ በፊት ብርሃን ማየት መልመድ አለበት። መሰላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የተነሣ ሰው ግንባሩ ይበራል፣ ዓይኖቹ ግን በጥላ ተውጠው ጉድጓድ ይመስላሉ። ከጧቱ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ለፊት የተሻለ ነው። ቀትር ላይ የግድ ማንሣት ቢያስፈልግ፣ ሰውየውን ከበር ገባ አድርጎ ወይም ከዛፍ ጥላ አስጠግቶ ፊቱን ወደ ደጁ ብርሃን ማዞር ይበቃል።

ሁለተኛም ካሜራ እንደ ሰው አስተዋይ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት በፀሐይ ሲቆሙ ስልኩ ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይፈርድና ምስሉን ያጨልማል፤ ነጠላው አምሮ ይወጣል፣ የእናታችን ፊት ግን ይጠፋል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በስልኩ መስተዋት ላይ ፊታቸውን በጣት መንካት ነው። ያን ጊዜ ካሜራው ብርሃኑን ለፊት ይመጥናል። ጠይም ፊት በፎቶግራፍ ላይ የመጥፋቱ ነገር ደግሞ ረዥም ታሪክ አለው። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፎቶግራፍ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ብቻ ያለበት ነበር፤ ስሙም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። ቀለሙ ሁሉ በእርሷ ፊት ሲለካ የጠቈረ ፊት ያለው ሰው ዝርዝሩ ሳይታይ ይቀር ነበር። ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ የእኛን ሰው ፊት በሚገባ ማሳየት የእኛ የራሳችን ኀላፊነት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ምስሉን በጣት እየሳቡ ከማጕላት ይልቅ በእግር መጠጋት ይሻላል። በጣት የተሳበ ምስል ስልኩ ላይ ደኅና መስሎ ይታያል፤ በወረቀት ሲወጣ ግን ይፈራርሳል። ከኪስ የወጣ ስልክ ዓይኑ ላይ ላብና ትቢያ ስለማይታጣበት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግም ዋጋ የማያስከፍል ትልቅ ጥቅም ነው።

ለመጠጋት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። በገበያ መካከል ሸክም ያጐበጣቸውን እናት ከኋላ ሰርቆ ማንሣት ጨዋነት አይደለም። ቀርቦ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሣዎት ይፈቅዱልኛል?» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? በአካባቢያችን ብዙ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ቃል «ሱራ» ነውና በኦሮምኛ ቢጠየቁ ደግሞ ፊታቸው ወዲያው ይፈታል። እንቢ ካሉ እንቢታቸውን ማክበር ነው። እሺ ካሉ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእርሳቸው ባለ ዕዳ ሆነናል፤ መልካቸውን ሰጥተውናልና። ዕዳውንም የምንከፍለው ምስሉን በወረቀት አውጥተን ስንወስድላቸው ነው።

ወደ ማጠቡ እንመለስ። በአማርኛችን እስከ ዛሬ «ፎቶ አሳጠብሁ» እንላለን። ቃሉ ከፊልም ዘመን የቀረ ነው። ያን ጊዜ ፎቶግራፉ በመድኀኒት ውስጥ አልፎ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ነበረበት፤ መድኀኒቱ ተጠርጎ ካልወጣ ምስሉ ከዓመታት በኋላ ይበላሻል። በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ የሚነሣው 36 ምስል ብቻ ስለ ነበረ፣ ፎቶ አንሺው አስቦ ያነሣ ነበር፤ ያነሣውንም ሳያሳጥብ ሊያየው አይችልም ነበር። ዛሬ በአንድ ቀን 300 እናነሣለን፤ ሁሉንም ወዲያው እናያለን፤ ስላየነውም ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ቃሉ ቀርቶልናል፣ ድርጊቱን ግን ትተነዋል።

የዚህን ጕዳት የሚያውቁት ፎቶ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በጭሮ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ እንዲህ ሲሉ አጫውተውኛል፦ «ልጄ፣ ሰው ሲሞት ቤተ ሰቡ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። ‹ጋሼ፣ ይህችን ጕርድ ፎቶ አሳድጉልን› ይሉኛል። ሌላ የላችሁም ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ስልክ ላይ ነበረ፣ ስልኩ ጠፋ ይላሉ።» ይህን ነገር በጥሞና እንመልከተው። አንድ ሰው 60 ዓመት ኖሮ፣ አርሶ፣ ነግዶ፣ ልጅ ድሮ፣ ስቆና ተቈጥቶ ሲያልፍ የሚቀርለት ምስል 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ አፉን ገጥሞ የተነሣት ጕርድ ፎቶ ብቻ ትሆናለች። ሲስቅ የነበረው ፊት ግን በሠርጉም በበዓሉም መቶ ጊዜ ተነሥቶ ነበር።

በሰፈራችንም እንዲሁ ያለ ነገር ደርሷል። አንዲት እናት ልጃቸው ወደ ዐረብ አገር ሄደባቸው። የልጁ ፎቶግራፍ ሁሉ በታናሽ ወንድሙ ስልክ ላይ ነበረ፤ ስልኩ ውሃ ውስጥ ወድቆ ተበላሸ። ዛሬ እኒህ እናት ልጄን ልየው ሲሉ የሚያወጡት የ8ኛ ክፍል የፈተና መግቢያ ካርዱን ነው። ልጃቸው በዚያ ካርድ ላይ የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ አሁን ግን 23 ዓመት ሞልቶታል። በመካከሉ ያሉት 8 ዓመታት ለእናቱ የሉም። ያን ሁሉ ጊዜ በዙሪያው ስልክ የያዙ ጓደኞች አልጠፉም ነበር። አንዱ እንኳ አንድ ምስል አሳጥቦ ለእናቱ ቢሰጥ ኖሮ ምን ይጐድልበት ነበር?

የታጠበ ፎቶግራፍ ለሐዘን ቀን ምን ማለት እንደ ሆነ አገር ሁሉ ያየው በ2011 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት ቤተ ሰቦች በእጃቸው የያዙት የሟቾቹን ፎቶግራፍ ነበረ። ያን አደጋና ሐዘኑን በፎቶግራፍ የዘገበው ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ አየነ በ2020 (እ.ኤ.አ.) «ወርልድ ፕሬስ ፎቶ» በተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር በዘርፉ 1ኛ ሆኗል። «ፎቶግራፍ የልጆች ጨዋታ ነው» ለሚሉ ወላጆች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ስምና ስለ ዘመን ልናገር። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ብዙዎቻችን «እነዚህን ሰዎች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ ለምን እጽፋለሁ?» እንላለን። እውነት ነው፤ እኛ እናውቃቸዋለን። የምንጽፈው ግን ለማያውቁት፣ ገና ላልተወለዱት ነው። በጀርባው ላይ አራት ነገር ቢጻፍ ይበቃል፤ ስም ከነአባት፣ ሥራ፣ ቦታ፣ ቀን። ጀርባው ወረቀት ከሆነ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ከዳር ላይ መጻፍ ይገባል፤ እስክሪፕቶ እያደር ቀለሙ ወደ ፊት ሊወጣ፣ ጫፉም ምስሉን ሊያጐብጥ ይችላል። እንደ ላስቲክ የሚያንሸራትት ዓይነት ከሆነ እርሳስ ስለማይዘው፣ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከምስሉ ጋር በፖስታ ማስቀመጥ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለብን። ዓመተ ምሕረቱን ስንጽፍ በማን አቈጣጠር እንደ ሆነ መግለጽ አለብን። ስልኩ በራሱ የሚመዘግበው ቀን ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ እኛ በእጃችን የምንጽፈው በራሳችን ነው። በአንድ ፎቶግራፍ ጀርባ «2010» ብቻ ተጽፎ ቢገኝ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ክርክር ያስነሣል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትለው አጭር ቃል ያን ክርክር ሁሉ ትዘጋለች።

ሦስተኛው ጕዳይ ጥበቃ ነው። በአንድ ስፍራ ብቻ ያለ ፎቶግራፍ እንደ ሌለ ይቈጠር። ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ በውሃ ይበላሻል፤ ሜሞሪ ካርድም ሳይታሰብ አልነበብም ይላል። ስለዚህ አንዱን በስልክ፣ አንዱን በሌላ ቤት ባለ ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ደግሞ በወረቀት ማኖር ይገባል። በቴሌግራም ለወዳጅ የምንልክ ከሆነ፣ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ምስሉ እንደሚጨመቅና ጥራቱ እንደሚቀንስ፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ እንደሚደርስ ማወቅ ጥሩ ነው። ነገሩ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን አሳቤን ሲሰሙ «ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ብለው ይሟገቱኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የተማሪ ኪስ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያነሣነውን ሁሉ እናሳጥብ አላልሁም። በየወሩ ከሁሉ የሚበልጠውን አንድ ምስል መርጠን ብናሳጥብ፣ ጳጕሜንን ጨምሮ በዓመት 13 ይሆናል። ለመምረጥ ስንል ማስተዋልን እንማራለን፤ ከ300 አንዱን መምረጥ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከመሰላ ወደ ጭሮ ወይም ወደ ሂርና ለጕዳዩ የሚሄድ ዘመድም ስለማይጠፋ ፍላሹን መላክ ይቻላል። ሌሎች ደግሞ «ፌስቡክ ላይ አለ፣ አይጠፋም» ይላሉ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ የሆነ ሣጥን፣ ያ ሰው የሌለ ቀን ማን ይከፍተዋል? ፌስቡክ የማይከፍቱት አያታችንስ መቼ ያዩታል?

በወረቀት የወጣ ፎቶግራፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳዩን የአዲስ አበባ ወጣቶች አሉ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤተ ሰቡ የቈዩ ፎቶግራፎችን ከነታሪካቸው መሰብሰብ ጀመሩ፤ በተከታዩም ዓመት ስብስቡ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ተራ ሰዎች በሠርግ፣ በትምህርት ቤት፣ በመዝናኛ ስፍራ የተነሡት ምስል የአንዲት ከተማ ታሪክ ሆነ። ይህ ሊሆን የቻለው እነዚያ ፎቶግራፎች ታጥበው በአልበም ውስጥ ስለ ቈዩ፣ የሚያውቃቸውም ሰው ስላልጠፋ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣውን ከ50 ዓመት በኋላ የሚሰበስብ ወጣት ቢነሣ ከየትኛው አልበም ያገኘዋል?

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መጀመሪያ፣ በዚህ መጽሔት የሚወጣ የቡድን ፎቶግራፍ ሁሉ ከሥሩ «ከግራ ወደ ቀኝ» ተብሎ የእያንዳንዱ ስም ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ አልበምና አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ከየክፍሉ በዓመት ጥቂት የተመረጡ ፎቶግራፎች ከነመግለጫቸው ይግቡበት። ሦስተኛ፣ ፎቶግራፍ የምንወድ ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት እያንዳንዳችን በአካባቢያችን አንድ አዛውንት ወይም አንድ ባለ ሙያ በሥራው ላይ እናንሣ፤ ልብስ ሰፊውን፣ ቡና ለቃሚዋን፣ ማሽላ የሚወቃውን፣ በየቀኑ በራችንን የሚከፍቱልንን ዘበኛ። ሁለት ቅጂ እናሳጥብ፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለአልበሙ ይሁን።

ወላጆቻችንም ይህን አሳብ እንዲደግፉልን እለምናለሁ። ልጃችሁ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲያሳያችሁ «ጥሩ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «መቼ ታሳጥበዋለህ? የዚህስ ሰው ስም ማን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁት። መምህራኖቻችን የቤት ሥራችንን ጨርሰን ካላመጣን እንደማይቀበሉን፣ ይህንም ሥራ ጨርሰን እንድናመጣ ያስለምዱን።

በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍልን የምንጨርስ ተማሪዎች ከጥቂት ወራት በኋላ እንበተናለን። ማን የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። በስልኮቻችን ውስጥ ስንት ሺህ ምስል እንዳለ ብንቈጥር እንደነቃለን፤ ከነዚያ ውስጥ በእናቶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስንት ነው ብንል ግን እናፍራለን። ገና ጊዜ አለን። ከመለያየታችን በፊት እያንዳንዳችን አንዱን መርጠን፣ አሳጥበን፣ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፈንበት ለባለቤቱ እንስጥ። ፎቶግራፉ አለቀ የምንለው ያን ጊዜ ነው።